የቦርዴ ጾም

ባሮክ አረቄ ካቆመ አራት ወር ሊሞላው ነበር፤ ጂንካ ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው አልነበረም። ብረት በያጅ ስለሆነ ግማሹ ከተማ በሩን የሚያሠራው እሱ ዘንድ ነው። በር ሊያሠራ የመጣ ሁሉ ደግሞ ስለ ቁመትና ስፋቱ ከማውራቱ በፊት «እንዴት ነው ነገርየው?» ይለዋል። ነገርየው አረቄው ነው። ባሮክም የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ «ጌታ ይመስገን፣ አፌም አልደረሰ» ይላል። ሰውየው ደስ ይለዋል፤ ባሮክም ደስ ይለዋል፤ በሩ ግን ትንሽ ይዘገያል።

ከሁሉም በላይ ደስ ያላት ሚስቱ ሩሐማ ነበረች። ባለፈው ክረምት ባሮክ ሰክሮ ቦይ ውስጥ ተጋድሞ ሲገኝ ልብሷን ሰብስባ ሳውላ እናቷ ቤት ሄዳ ነበር። የተመለሰችው አንድ ነገር ተናግራ ነው።

«መጠጥ ከቀመስክ አልጮህም፣ አልጣላህም። ዝም ብዬ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ነው የምሄደው።»

ሩሐማ የምትጮህ ሴት ብትሆን ኖሮ ባሮክ ይህን ያህል ባልፈራ ነበር።

ስለዚህ ተጠንቅቆ ኖረ። በየሳምንቱ ሆስፒታል እየሄደ ከአእምሮ ጤና ነርሷ ከሲስተር ናርዶስ ጋር ይቀመጣል። ሲስተር ናርዶስ ከአዲስ አበባ ከመጣች ብዙ አልቆየችም፤ ሥራዋን ትወዳለች፣ ጥያቄዋም አያልቅም።

«አረቄ?»

«የለም።»

«ቢራ? ጠጅ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ!»

«እንቅልፍስ?»

«እተኛለሁ። ትንሽ ያልበኛል እንጂ።»

«የምግብ ፍላጎትህ እንዴት ነው?»

«እሱን ተይው ሲስተር!» ይላል ባሮክ ፊቱ በርቶ። «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ። አንዳንዴም በመሀል።»

«ጎበዝ! የምግብ ፍላጎት ሲመለስ ጥሩ ምልክት ነው።»

ባሮክ ምግብ ያለው ቦርዴን ነው።

ሰውየው መዋሸቱ አልነበረም። ቦርዴ ከበቆሎና ከማሽላ በብቅል የሚጠመቅ፣ ከወፈረ አጥሚት የማይለይ ነገር ነው። ገበሬው እሱን ጠጥቶ እርሻ ይውላል፤ ተሸካሚው እሱን ጠጥቶ ኩንታል ያነሳል። «ምሳ በላህ?» ሲባል «አዎ፣ ቦርዴ» ብሎ የሚመልስን ሰው ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ሲቆይ እንደሚያሰክር የማያውቅ የለም፤ ግን ማን ያቆየዋል? የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ንጉሤ እንኳ፣ አረቄ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው የሚጠቁረው ሰውዬ፣ «ያልቆየ ከሆነ ምግብ ነው» ባይ ናቸው።

እንግዲህ ባሮክ ይበላ ጀመር። መጀመሪያ ጠዋት አንድ ቅል ነበር፤ ከዚያ ሩሐማ ሙሉ ጆግ ትቀዳለት ጀመር። ጆጉ ሲያልቅ ጎረቤት እትዬ ኪያ ቤት ጎራ ይላል። ማክሰኞ ማክሰኞ በርና መስኮት ጭኖ አልዱባ ገበያ ሲወርድ ደግሞ ሦስት ቦታ ምሳ ይበላል። ጠዋት የመጀመሪያውን ቅል ሳይጨርስ ብየዳ ከጀመረ መስመሩ እየተጣመመ ያስቸግረዋል፤ ከጠጣ በኋላ እጁ ይረጋል። የራበው ሰው እጁ ቢንቀጠቀጥ ምን ይገርማል?

የዚያን ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረ። ቤተ ክርስቲያኑም የሦስት ቀን ጾም ጸሎት አወጀ፤ ከውሃ በቀር ምንም አይቀመስም። ከመዘምራኑ አንዱ የሆነው ጓደኛው ተስፋ ወርክሾፑ ድረስ መጥቶ ሹክ አለው።

«ስማ፣ አንተ ሥራህ ከባድ ነው። ቦርዴውን ውሃ ነው በለውና ጠጣ።»

«ምግብ ነው ብያለሁ፣ ምግብ ነው» አለ ባሮክ ኮራ ብሎ። «ምግብ ደግሞ ይጾማል።»

በመጀመሪያው ቀን አመሻሽ ላይ ሸሚዙ በላብ ራሰ፤ እንቅልፍም እምቢ አለው። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ምእመኑ ተሰብስቦ ይጸልያል። ሌላው ሁሉ ርቦት ቀዝቀዝ ብሏል፤ ባሮክ ግን የተቀመጠበት አግዳሚ ወንበር እስኪንገጫገጭ ይንቀጠቀጣል። ድንገት ወደ ሩሐማ ጎንበስ አለ።

«እነዚህን ጫጩቶች ማን ነው ያስገባቸው?»

«የምን ጫጩት?»

«እዚያ፣ የጣሪያው እንጨት ላይ። ተሰልፈው እየሄዱ ነው እኮ።»

ሩሐማ ቀና ብላ አየች። ባዶ እንጨት ነው። ባሮክ ግን ዓይኑን ከእንጨቱ ሳይነቅል አንገቱን ከጫጩቶቹ ጋር ቀስ እያለ ያዞራል።

ጋሽ ንጉሤ ይህን ከመድረክ አይተው ወረዱ። እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ ጭነው «ውጣ!» አሉ፤ ምእመኑም ተቀበላቸው። ባሮክ ደንግጦ ጥቂት ረጋ ሲል «ሃሌ ሉያ!» ተባለ። ደግፈው አወጡትና ግቢው ውስጥ የማንጎው ጥላ ሥር አስቀመጡት።

«የአረቄው መንፈስ ዛሬ ከነሥሩ ተነቀለ» አሉ ጋሽ ንጉሤ ላባቸውን እየጠረጉ። «እሑድ መድረኩ ያንተ ነው፤ ትመሰክራለህ። አሜን በል።»

ሩሐማ ዳቦ ቆርሳ አቀበለችው። «እንካ፣ ብላ። ለደከመ ሰው ጾም የለም ብለዋል።»

ባሮክ ዳቦውን አየው። የበቆሎ ገንፎ አሰበ፣ ከኦሞራቴ የሚመጣውን ዓሣ አሰበ፤ አንዱም አላማረውም። ከዚያ የእትዬ ኪያን ቦርዴ አሰበ፤ አፉ ወዲያው ምራቅ ሞላ። አንድ ቅል ብቻ ቢያገኝ እጁም ይረጋል፣ ጫጩቶቹም ወደመጡበት ይሄዳሉ። ይህን እንደ ስሙ ያውቀዋል። የራበው ሰው እንዲህ አያማርጥም።

አሜን ቢል ነገሩ ሁሉ ያልቃል። እሑድ ይጨበጨብለታል፤ ሩሐማም ትቀመጣለች።

«ጋሽ ንጉሤ፣» አለ፣ «ምንም አልወጣም።»

«እንዴት አልወጣም?»

«አላቆምኩማ። የተውኩት አረቄን ነው፤ መጠጣቱን አልተውኩም።»

«ምን ጠጥተህ?»

«ቦርዴ።»

«እሱማ ምግብ ነው!»

«ለእርስዎ ምግብ ነው። እርስዎ ሁለት ቀን ስለተውት ጫጩት አላዩም።» ወደ ሩሐማ ዞረ፤ ዓይኗን ግን ማየት አልቻለም። «ቀምሻለሁ፣ ሩሐማ። ከሳውላ ከተመለሽበት ቀን ጀምሮ አንድም ቀን ሳላቋርጥ።»

ሩሐማ አልጮኸችም። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች፤ ግቢውን አቋርጣ በበሩ ወጣች። ከውጭ «ባጃጅ!» ስትል ሰማት። በቃ፣ መናኸሪያ ነው ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

ባጃጁ እየተንተከተከ ግቢ ውስጥ ገባ። ሩሐማ ከኋላ ተቀምጣለች።

«ምን ይጎልተዋል ይሄ ሰውዬ? ግባ እንጂ!»

«ወዴት?»

«ሆስፒታል ነዋ።»

ጋሽ ንጉሤ ሳይጠሩ አብረው ገቡ። እስኪደርሱ የባሮክ ጥርስ ይንገጫገጫል።

ሲስተር ናርዶስ የልብ ምቱን ለካች፤ ታሪኩንም እስከ ጫጩቶቹ ድረስ ሰማች።

«የምግብ ፍላጎቴ ጥሩ ነው ስትለኝ...»

«ምግብ ነው ያልኩሽ ሲስተር።»

«እኔም ምን ትበላለህ አላልኩህም!» ግንባሯን ያዘች።

«የምቀዳለት እኔ ነኝ» አለች ሩሐማ ከበሩ ጋ።

«ባሮክ፣ ስማኝ» አለች ነርሷ ወንበሯን ስባ። «በሳምንት አንዴ እዚህ ቁጭ ብሎ ማውራት የሚበቃው ሰው አለ። አንተን አልበቃህም። ሰውነትህ መጠጡን ለምዶታል፤ በድንገት ሲቀርበት እንዲህ ይሆናል፣ ከዚህም ይብሳል። ሰው ይሞትበታል። ዛሬ እዚሁ ተኝተህ በመድኃኒት ትረጋጋለህ። ከዚያ ደግሞ ከጂንካ ውጭ ለጥቂት ሳምንታት ተኝተህ ወደምትታከምበት ቦታ እልክሃለሁ።»

«ተኝቼ? እግሬ ተሰበረ እንዴ? በሩን የሚጠብቅ ሰው አለኮ!»

«በዚህ እጅ ነው በር የምትበይደው?»

ባሮክ እጁን አየ። ጭኑ ላይ ቢጫነውም ጭኑን ይዞ ይንቀጠቀጣል።

«የጎበዝኩ መስሎኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ዛሬ ጎብዘሃል። ራስህ ነው የተናገርከው።»

ጋሽ ንጉሤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የመንፈሱስ ነገር?»

«እርስዎ ጸሎቱን አይተዉ፣ ጋሽዬ፤ እኔ መርፌውን አልተውም።»

«ተስማምተናል» አሉ።

ባሮክ ሸሚዙን ፈትቶ ክንዱን ዘረጋ። «በይ ውጊኝ። ወደ ላክሽኝ እሄዳለሁ።»

ሲስተር ናርዶስ እየወጋችው ጠየቀች፦ «አስታማሚ ያስፈልግሃል። እዚህም፣ የምትሄድበትም። ማን አለህ?»

ባሮክ ተስፋን አሰበ፤ ተስፋ ውሃ ነው ብሎ ቦርዴ ያመጣለታል። ታናሽ ወንድሙን አሰበ፤ ያለው ሩቅ አገር፣ አርቦሬ ነው። ወደ በሩ ላለማየት አንገቱን ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው የክትባት ፖስተር አዞረ።

«ማን ይሆናል?» አለች ሩሐማ። «እኔ ነኛ።»

«ሩሐማ፣ ያልሽው...»

«ያልኩትን አውቃለሁ። ያኔ የምሄደው ብትደብቀኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ራስህ ነገርከኝ።» መጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ወዲያውም ግንባሯን ይዛ ዘመም አለች። «ጋሽ ንጉሤ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጾሙ ለእኔም አይሆንም። አስታማሚ ካልበላ ማን ይይዘዋል?»

ጋሽ ንጉሤ በሩን፣ ከዚያም ሰማዩን አዩ። ከውጭ የሚጠበስ ነገር ይሸታል።

«እኔም ከአስታማሚዎቹ ወገን ሳልሆን አልቀርም» አሉና ኮፍያቸውን አድርገው ዳቦና ሻይ ሊያዙ ወጡ።