ማንጎ የነካው ድምፅ

የምርጫው ዕለት የሻው ማንጎ ያደለው ለፖለቲካ ብሎ አልነበረም። ፀሐይዋ ናት ያሳደለችው። ከአሶሳ ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የተኮለኮለው ሰልፍ ከቀትር በኋላ ንቅንቅ አልል አለ። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡበት። እናቶች ልጅ እንዳዘሉ አንዴ በዚህ እግር አንዴ በዚያ ይቆማሉ። የሻው ማረሻ ምልክቱ ለሆነው ፓርቲ ወኪል ሆኖ ሲታዘብ ነበር የዋለው፤ ቤቱ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ አጥር ቀጥሎ ነው። ሄዶ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ማንጎ ተሸክሞ መጣና፣

"ብሉ እንግዲህ፣ ይሄ ነገር ዛሬ የሚያልቅ አይመስልም" አለ።

በሰልፉ ጅራት የነበሩት ከወንዝ ማዶ የመጡት የበርታ ጎረቤቶቹ ናቸው። መንገዱ ስለሚርቃቸው ዘግይተው ደረሱ። የአምባው ሰዎች፣ በሰፈራው ዘመን ከወሎ የመጡትና ልጆቻቸው፣ በማለዳ መርጠው ቤታቸው ገብተዋል። ስለዚህ ማንጎውን የበላው ማዶ ነው። ውሃ በአቅራቢያው የለም፤ እጅ በሣር ተጠረገ። በሣር የተጠረገ የማንጎ እጅ ምን እንደሚመስል ያገሩ ሰው ያውቀዋል።

አመሻሹ ላይ ሳጥኑ ተከፍቶ ቢጫ ጣት ያረፈባቸው ወረቀቶች ብቅ ብቅ ሲሉ ሁሉም ሳቀ። የድልድይ ምልክቱ ፓርቲ ወኪል ረጀብ አንዷን አሸተተና፣ "ይሄ ሰውዬ ጠግቦ ነው የመረጠ" አለ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው የሻው ነበር። ድልድዩ በጥቂት ድምፅ አሸነፈ። ሁሉም ፈረመ። ሁለቱ ወኪሎች እንደ ልማዳቸው እየተጨቃጨቁ አብረው ወደ ቤት ሄዱ።

ረጀብና የሻው እኩያ ናቸው። ሰፋሪው ከጭነት መኪና ሲራገፍ የሻው ገና ልጅ ነበር፤ ምንጩ የት እንዳለ ለአባቱ ያሳዩት የረጀብ አባት ናቸው። የማንጎውንም ዛፍ የተከሉት እሳቸው ነበሩ። በኋላ መሬቱ ለአምባው ሲከለል ዛፉ በየሻው አጥር ውስጥ ቀረ። ረጀብ ይህን ነገር አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። የሻውም አለመነሣቱን እንደ ስምምነት ቆጥሮት ኖረ።

ከምርጫው ማግስት በቃሉ በሞተር ሳይክል መጣ። በቃሉ የማረሻው ፓርቲ አደራጅ ነው፤ ወጣት ነው፣ ሲያወራ ግን ስብሰባ ላይ ያለ ይመስላል።

"ጋሼ የሻው፣ ድምፃችን ተሰርቋል" አለ ሞተሩን ሳያጠፋ።

"ማን ሰረቀው?"

"እሱን እያጣራን ነው። ድጋሚ ቆጠራ ጠይቀናል። እድፍ ያለባቸው ወረቀቶች ነበሩ አሉ።"

"ማንጎ ነው እኮ፤ እኔ ነኝ የሰጠኋቸው።"

በቃሉ ሞተሩን አጠፋ። "ሁለተኛ እንዳይወጣዎት! ወኪላችን ሰልፍ ላይ ምግብ አደለ ከተባለ እኛው ነን የምንከሰሰው። ይዋሹ አላልኩም። ዝም ይበሉ፣ በቃ።"

ዝምታ ለየሻው ቀላል ሥራ መሰለው።

ድጋሚ ቆጠራው አሶሳ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ተደረገ። የምትመራው ወይዘሮ ስርጉት ቀድሞ አስተማሪ ነበረች፤ አሁንም እጁን ያላወጣ ሰው እንዲናገር አትፈቅድም። በቃሉ እጁን አወጣ። "እነዚህ ሁሉ ወረቀቶች ላይ አንድ ዓይነት ምልክት አለ። ተመካክረው ያደረጉት ነው። ማን እንደመረጠ የሚያሳብቅ ምልክት ያለበት ድምፅ ደግሞ ዋጋ የለውም።"

ረጀብ እጁን ሳያወጣ ተነሣ። "ወላሂ ማንጎ ነው! ምን ምልክት ነው የምትለው? የበሉ ሰዎች አሉ፣ አመጣለሁ፣ ሁሉም ይናገራል።"

"የበሉት መራጮቹ አይደሉም እንዴ?" አለች ስርጉት። "'ይሄ የእኔ ወረቀት ነው' ካሉ የድምፁ ምስጢርነት ይቀራል። ያኔ በዚያው ይሰረዛል።"

ረጀብ ጥቂት አሰበበት። "እሺ፣ ከተናገሩ ይሰረዛል። ዝም ካሉም ይሰረዛል። ገባኝ።" ከዚያ ወደ የሻው ዞረ። "እሱ አልመረጠም በዚህ ወረቀት። እሱን ጠይቂ።"

"አቶ የሻው፣ እዚያው ነበሩ" አለች ስርጉት። "ማንጎ ነው?"

የሻው፣ ረጀብ ስለ ዛፉ ያነሣል ብሎ ጠበቀ፤ ቢያነሣ ይናደድ ነበር፣ መናደዱም ይረዳው ነበር። ረጀብ ግን፣ "የሼ፣ በል እንጂ" አለ ብቻ፤ ያመለጠች ላም መልስልኝ እንደሚለው ዓይነት፣ ረጋ ብሎ።

"ሰው ሰልፍ ላይ ብዙ ነገር ይበላል" አለ የሻው።

"ማንጎ ሲታደል አይተዋል ወይስ አላዩም?"

"እኔ ውስጥ ነበርኩ። ሳጥን ነው ስጠብቅ የዋልኩት።"

ረጀብ ተቀመጠ። ቢጫ የነካቸው ወረቀቶች ለብቻ ተቆልለው ተሰረዙ፤ አብዛኞቹ የድልድዩ ስለነበሩ ማረሻው አሸነፈ። በቃሉ የሻውን አቅፎ፣ "ፍትሕ ሰፈነ፣ ጋሼ!" አለው። የሻው እቅፉ እስኪያልቅ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶት ቆመ።

ቤት ሲገባ ወሬው ቀድሞት ሚስቱ ማሚቱ ዘንድ ደርሶ ነበር።

"ሰው ማንጎ ሰጥቶ ድምፅ ይገዛል ሲሉ ሰምቻለሁ" አለችው። "ማንጎ ሰጥቶ ድምፅ የቀማ አንተን አየሁ።"

"እኔ ምን አልኩ? አልዋሸሁም።"

"አንት ሰውዬ፣ ብትዋሽ እኮ ይሻል ነበር። ውሸታም ንስሐ ይገባል።"

ሳምንት ቆይቶ ማንም ሳይልከው ወደ ስርጉት ቢሮ ሄደ። ማንጎው የእሱ መሆኑን፣ በእጁ ማደሉን ተናገረ፤ ቃሉን ማስተካከል እንደሚፈልግ አስረዳ። እሷ መነጽሯን አውልቃ አየችው።

"ይግባኝ የሚለው የተሸነፈው ነው፣ አቶ የሻው። ያሸነፈ ይግባኝ የሚልበት ቅጽ የለንም።"

"እንግዲያ ለረጀብ ልንገረው፣ እሱ ይበል።"

"ጊዜው ትናንት አለቀ። ይግባኝ ትላለህ ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር፤ 'ምስክሬ አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ተናገረ' ብሎኝ ሄደ።"

ከዚያ ወዲህ ረጀብ አልተጣላውም። መንገድ ላይ ሲያገኘው ይቆማል፣ የቤተሰቡን ጤና ይጠይቃል፣ ያንተስ ሲባል "አልሐምዱሊላህ" ይላል፣ ይሄዳል። የሻው ጭቅጭቁ ናፈቀው። ይቅርታ የሚልበትን ቃል ስንት ጊዜ አዘጋጀ፤ ረጀብ ግን በትሕትናው መግቢያ አሳጣው።

ክረምት ገባ ሲል ወንዙ ዳር አዲስ የውሃ ፓምፕ ተተከለ። የሁለቱም ሰፈር ሰው የፓምፑን ቁልፍ የሚይዝ ለመምረጥ ተሰበሰበ፤ ከአምባው ኪዳኔ፣ ከማዶ ዐርዋ የምትባል ብርቱ ሴት ታጩ። በእጅ ማውጣት ይሁን ተባለ። "ቆጠራ የሚያውቅ የሻው ነው" አለ አንድ የአምባው ሰው፣ ለክብሩ ብሎ፤ የሻው ምነው አፉን በቆረጠው አለ በሆዱ።

የኪዳኔን ቆጠረ። "አሁን ዐርዋን የምትደግፉ" ሲል ከማዶ ሰዎች አንድም እጅ አልወጣም። ረጀብ ተነሣና ወደ ፓምፑ ሄደ፤ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ። ተከትለውት ሌሎቹም ተራ በተራ እየሄዱ ታጠቡ፤ ሽማግሌዎቹም፣ እናቶቹም። ማንም አልሳቀም። ተመልሰው በየቦታቸው ቆሙና እጃቸውን አወጡ፣ መዳፋቸውን ወደ የሻው አዙረው። ውሃው በክርናቸው ይንጠባጠባል።

የሻው መቁጠር ጀመረ። መካከል ላይ ዐይኑ ከረጀብ መዳፍ ላይ አረፈና ቁጥሩ ጠፋው።

"ጠፋኝ" አለ።

"ድገመው" አለ ረጀብ። "እኛ አናወርድም።"