የበሩ ትዕይንት

ደራሲ ለምታገባ ሴት የሚሆን አንድ ምክር አለ፤ ምስጢርሽን ለግድግዳ ንገሪ። ፋርማሲስቷን ግን እንዲህ ብሎ የመከራት ሰው አልነበረም።

ባሏ ሙታን እየተነሡ በሕይወት ያለውን የሚነክሱበት የዞምቢ ድራማ ደራሲ ነው። አዲስ ክፍል በታየ ማግስት ጠዋት እሱ መስታወት ፊት ቆሞ ጢሙን ሲላጭ፣ እሷ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ላይ ተቀምጣ ሐያስያኑ የጻፉትን ከስልኳ ታነብለታለች። ሰውየው ትችት በዓይኑ ማየት አይችልም፤ በሚስቱ ድምፅ ሲሆን ግን ይዋጥለታል። ክፉውንም ደጉንም ሳትዘል ነው የምታነብለት። ትናንት የምዕራፉ አጋማሽ መዝጊያ ክፍል ሲታይ ተረኛ ስለነበረች አላየችውም።

"አንብቢልኝ እንጂ፣ ሆዴ" አለ አገጩ ላይ አረፋ እየቀባ።

"'ግማሹ ሩጫ ብቻ ነው፤ ዞምቢዎቹ ራሳቸው ሳይሰለቹ አልቀሩም'" ብላ ጀመረች። ፊቱን አጨማደደ። "'የበሩ ትዕይንት ግን ሌላ ነው። የተነከሰች እናት የልጇን በር ታንኳኳለች። ገና አልተለወጠችም። ድንቢጤ፣ ክፈቺልኝ ትላለች። ልጅቱ ሬዲዮኑን ከፍ ታደርገዋለች። እንዲህ ያለ እውነት በቴሌቪዥን አይተን አናውቅም።'"

ክው አለች። ድንቢጤ ብለው የሚጠሯት እናቷ ብቻ ነበሩ። አእምሯቸው በከዳቸው ዘመን፣ ማስታመሙ ባንገሸገሻት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በሯን ቆልፋ ጥሪያቸው እንዳይሰማት ሬዲዮኑን ከፍ አድርጋ ነበር። ስትከፍት እናቷ ደጃፉ ላይ ወድቀው ሕይወታቸው አልፏል። ለታላቅ እህቷ "እንቅልፍ ወስዶኝ ነው" አለቻት፤ እህቷም አቅፋ አጽናናቻት። እውነቱን የነገረችው ለባሏ ብቻ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እህቷ ደግሞ "የእህቴ ባል ሥራ ነው" እያለች ጎረቤት ሰብስባ ነው ድራማውን የምታየው።

"ምነው አቆምሽ?"

"የኔን ነው የጻፍከው።"

"ስምሽን አላነሳሁም። ደሞ ነርስ አድርጌሻለሁ እኮ።"

"ድንቢጤ የሚለውንስ?"

"እሱ ሲቀየር ነገሩ ይሞታል። ሞክሬው ነበር" አለ፣ ከልቡ አዝኖ።

ተናደደች ማለት አይበቃም፤ ተከዳች። ይህን ሁሉ ዘመን የተኛችው ከጆሮ ጋር እንጂ ከሰው ጋር አልነበረም።

"የሚቀጥለው ሐያሲስ ምን ይላል?"

ልማድ ሆኖባት አነበበች። "'የበሩ ትዕይንት ውሸት ነው። የትኛዋ ልጅ ናት በእናቷ ላይ እንዲህ የምታደርገው? ደራሲው ሴት አያውቅም።'"

ባሏ ምላጩን አስቀመጠ። አሁን ገና ተከፋ።

"ሰውዬው እውነት መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ!" አለ። "ልጅቱ ቤቴ ውስጥ መኖሯን ቢያውቅ ምን ይል ነበር?"

ስልኩ እጇ ላይ ጠራ። ታላቅ እህቷ ናት።

"ሃሎ።"

እህቷ ሰላምታ አላስቀደመችም። "እማዬ ስትጠራሽ ተኝተሽ ነበር?"

ድራማ ነው፣ የሱ ፈጠራ ነው ማለት ትችል ነበር። አፏ ግን እምቢ አላት።

"ነቅቼ ነበር" አለች።

እህቷ ስልኩን ዘጋችው።

ባሏ ፊቱን በፎጣ እያደረቀ ዞር አለ። "እህትሽ ናት? ወደደችው?"