ከቀለሙ በፊት

"እማማ፣ ግራፊክስ ካርዱ ይኼኛው ይሁን። ፕሮሰሰሩን ርካሹን እንውሰድ" አለች ሻሼ፣ ባለ ሦስት ማራገቢያውን ካርድ እንደ ሕፃን ታቅፋ።

ባለሱቁ ሱሩር ራሱን ነቀነቀ። አዳማ ውስጥ ኮምፒውተር ሲገጣጥም ዓመታት አልፈዋል፤ ደንበኛ ሲሳሳት እያየ ዝም ብሎ መሸጥ አይሆንለትም።

"እማማ ተሻለች፣ እውነቱን ልንገርዎት" አለ ወደ ሴት አያቷ ዞሮ። "ካርዱ ሥዕሉን ያሳምራል። የሚያስበው ግን ፕሮሰሰሩ ነው። እሱ ደካማ ከሆነ ጌሙ መሀል ላይ ይንቀረፈፋል። በዚሁ ብር መካከለኛ ካርድና ደህና ፕሮሰሰር ይወጣል።"

"ሥዕሉ ይደበዝዛላ" አለች ሻሼ አኩርፋ።

"ትንሽ ይቀንሳል። ግን ትጫወቻለሽ።"

ወይዘሮ ተሻለች ቦርሳቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። የያዙት የሁለት ዓመት ዕቁባቸውን ነው፤ ቢሳሳቱ ሌላ ኮምፒውተር የለም። ሐሳባቸው ግን ከሱቁ ወጥቶ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ገብቷል።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ታላቅ ወንድማቸው አምባዬ ለብሔራዊ ውትድርና ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው ከጣውላና ከፌሮ ቁራጭ ጆተኒ ሠራ። እንጨቱን እየጠረበ ተጫዋቾቹን አወጣ፤ ብረቶቹ የሚያልፉባቸውን ቀዳዳዎች ሞርዶ ግሪስ ቀባ። ሰፈሩ ከኳስ ሌላ ጨዋታ አልነበረውም፤ የልጁ ሁሉ ዓይን እነሱ ግቢ ላይ ነበር።

"ቀለሙ ይቆይ፣ ተሹ። መጀመሪያ ብረቱ በደንብ ይዙር" አላቸው።

ተሹ ግን ሰው መስማት መች ያውቁና። አምባዬ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ቀበሌ ተጠርቶ በወጣበት፣ አንዱን ቡድን ቀይ፣ ሌላውን ቢጫ ቀቡት። ደስ ሲላቸው ብረቱንም፣ ቀዳዳውንም ቀቡት። ጎረቤት ሁሉ "እንዴት ያምራል" እያለ ተመለከተ።

በማግስቱ ጠዋት፣ መኪናው ሳይመጣ አንድ ጨዋታ እንጫወት ብለው በግራና በቀኝ ቆሙ። ብረቱ ንቅንቅ አላለም። ቀለሙ ደርቆ ከቀዳዳው ጋር አጣብቆት አድሯል። አምባዬ ታግሎ ታግሎ ሲያቅተው ሳቀ።

"ግድ የለም፣ ስመለስ እፍቀዋለሁ።"

አልተመለሰም። ያን ቀን አሸንፏቸው ቢሆን ኖሮ ረስተውት ነበር፤ ያልተጫወቱት ጨዋታ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግባቸዋል።

"እማማ፣ ምን ሆንሽ?" አለች ሻሼ።

"ምንም። መልክ ታጥቦ አይጠጣም፣ ልጄ። ካርዱን መልሽለት። ሱሩር፣ አንተ ያልከውን ስጠን።"

ሻሼ ካርዱን እያቅማማች መለሰች። "እሺ፤ የኮምፒውተሩ ሣጥን እንኳ መብራት ያለው ይሁንልኝ።"

ወይዘሮ ተሻለች ቀይና ቢጫ የሚያበራውን ሣጥን ለአፍታ አዩት። ያምራል፤ አልካዱም። ከዚያ ጥግ ላይ ያለውን ተራ ጥቁር ሣጥን በጣታቸው አመለከቱ።

"ያንን አውርድልን። በዋጋው ልዩነት ሁለተኛ ጆይስቲክ ጨምርበት።"

"ሁለተኛ ለማን ነው?" አለች ሻሼ።

"ለእኔ ነዋ" አሉ ቦርሳቸውን እየከፈቱ። "ቤት እንደገባን፣ ጫማ ሳናወልቅ፣ አንድ ጨዋታ እንጫወታለን።"