የጤና አዳሟ ቦታ

ዐርዋ ሦስተኛውን ችግኝ ጫፉን ይዛ ሳብ ብታደርገው ያለ ምንም ትግል እጇ ላይ መጣ። ሥሩ ጠቁሯል፤ ሽታውም የበሰበሰ ነው።

"ይሄም?" አለች ጎረቤቷ ማናለብሽ፣ በቀርከሃው አጥር ላይ አንገቷን አስግጋ። እናቷን ልትጠይቅ ቡለን ወርዳ፣ አንድ ወር ከርማ ትናንት መመለሷ ነው። "ዐርዋዬ፣ ጤና አዳም ነው የተከልሽው ወይስ ሩዝ?"

"ሳቂ አንቺ! እንደ ልጅ ነው የያዝኳቸው።"

እውነቷን ነው። ዐርዋ የአራት ልጆች እናት ናት፤ አንዱ ካስነጠሰ ግንባሩን ሳትዳስስ አታልፍም። ችግኞቹንም ጠዋት ማታ ቅጠላቸውን ስትዳስስ ነበር የከረመችው። የጎልማሶች ትምህርት አስተማሪዋ ሠናይት ለእያንዳንዷ ተማሪ አራት አራት ችግኝ ስታድል፣ ዐርዋ ከግቢው ሁሉ የተከበረውን ቦታ መረጠችላቸው፤ ቤተሰቡ ለሰላት እየታጠበ ውዱእ የሚያደርግበትን ድንጋይ ሥር። መድኃኒት ንጹሕ ቦታ ይገባዋል ብላ። ፍየል አይደርስበትም፣ ጫማ አይረግጠውም፤ ውሃውም በቀን አምስት ጊዜ ይወርድለታል። ከዚህ በላይ ምን ይደረግለት?

አሁን የቀረችው አንዲት ችግኝ ናት፤ እሷም ቢጫ ሆናለች። ቅዳሜ ደግሞ ሠናይት የክፍሉን ሴቶች አስከትላ ቤት ለቤት እየዞረች ልታይ ነው። ዐርዋ በልቧ ቆርጣለች፤ ይቺም ከሞተች ወደ ክፍል አትመለስም። አንዲት ቅጠል ማሳደግ ያቃታት ሴት ፊደል ምን ያደርግላታል?

"ምን እንደገደላቸው ልንገርሽ?"

"አትንገሪኝ!" ዐርዋ እጇን አነሳች። "ሠናይት ወረቀት ሰጥታናለች። ራሳችሁ አንብቡት ነው ያለችው። ልጄ ዋፋ እንኳ 'እማ፣ ላንብብልሽ' ብትለኝ ከልክያታለሁ።"

"ታዲያ አነበብሽው?"

"ግማሹን።"

"ከያዝሽው ስንት ጊዜ ሆነሽ?"

"ሦስት ሳምንት። አንቺን ምን አስቸኮለሽ?"

"እኔን?" ማናለብሽ አጥሩን ተደግፋ ተንፈቀፈቀች። "የቸኮሉትስ የሚሞቱት ናቸው!"

ዐርዋም ሳቋ አመለጣት። ከወገቧ ቋጠሮ ወረቀቱን አውጥታ ማንጎው ሥር ተቀመጠች። ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጀመረች። አፈሩ ይኮትኮት የሚለውን ታውቀዋለች። ከሱ ቀጥሎ ያለው ነው አስቸጋሪው። ሁለት ጊዜ ተሰናክላ ከመጀመሪያው ተመለሰች። በሦስተኛው ግን ቃሉ ሳይቆራረጥ ከአፏ ወጣ።

"ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውሃ የማይተኛበት፣ ጠጠር ያለው ቦታ። ውሃ ከበዛበት ሥሩ ይበሰብሳል።"

ወረቀቱን እንደያዘች ብድግ አለች።

"ማኔ! ማኔ! እኔ ነኝ የገደልኳቸው!" ድምፅዋ የሰርግ ወሬ የምታበስር ይመስል ነበር። "አነበብኩት! በውዱእ ውሃ ነው ያሰጠምኳቸው!"

ማናለብሽ አጥሩን ዞራ እየሮጠች መጣች። "እሰይ! ገዳይ እንዲህ ሲደሰት ዛሬ ገና አየሁ!" ብላ እልልታዋን አቀለጠችው።

ሁለቱ ግቢውን መዞር ጀመሩ። ማንጎው ሥር ቀትር ላይ እንኳ ፀሐይ አይገባም። የቤቱ ጀርባ ዝናብ ሲመጣ እንቁራሪት የሚጮኽበት ነው። የአጥሩ ጥግ ምስጥ አለበት። የቀረው በበሩ አጠገብ ያለው ከፍታ ብቻ ነው። የዐርዋ ባል ባቢከር ባጃጁን ጭቃ እንዳይውጣት ብሎ ሁለት ጋሪ ጠጠር አፍስሶ ያስተካከለው ነው። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ አይለየውም፤ ዝናቡም ወዲያው ሾልኮ ይወርዳል።

ሁለቱም አዩት።

"ባቢከር ካንቺና ከባጃጁ ማንን እንደሚያስበልጥ ዛሬ እናያለን" አለች ማናለብሽ።

ዐርዋ ዶማውን አነሳች። ከጠጠሩ ጋር ጥቂት አፈር ደባልቃ፣ ቢጫዋን ችግኝ ከነአፈሯ አምጥታ ተከለቻት፤ ዙሪያዋንም በቀርከሃ ስንጥር አጠረች። ውሃ አንድ ጣሳ ብቻ ሰጠቻት። ሁለተኛ ልትቀዳ እጇ ሲሄድ፣ ማናለብሽ ጣሳውን ነጥቃ ቤቷ ይዛው ሄደች።

ምሳ ሰዓት ላይ የባጃጁ ጥሩምባ ጮኸ። ባቢከር በሩ ላይ ወርዶ በአጥሩ ላይ አሻግሮ አየ።

"ኡም ዋፋ!" አለ፤ የዋፋ እናት ማለቱ ነው፣ ሁልጊዜ በትልቋ ልጃቸው ስም ነው የሚጠራት። "ቦታዬ ላይ ምን በቀለ?"

"ጤና አዳም።"

"ባጃጄስ?"

ሌላ ቀን ቢሆን ዐርዋ ገና ሳትጠየቅ ይቅርታ ትል ነበር። ዛሬ ወረቀቱን ዘርግታ መስመሩን አነበበችለት። አንድም ቦታ አልተሰናከለችም።

ባቢከር ወረቀቱን ትቶ እሷን አየ። "ብቻሽን ነው ያነበብሽው?"

"ብቻዋን!" አለች ማናለብሽ ከአጥሩ ማዶ።

ሳቁን ለመደበቅ ጢሙን ጎተት ጎተት አደረገ። "እሺ በቃ፣ እስከ ቅዳሜ ትቆይ። እንግዶችሽ ከሄዱ በኋላ ትነሳለች።"

እንግዶቹ አይተዋት ከሄዱ ዐርዋ ከሐፍረት ዳነች ማለት ነው። እሺ ልትል አፏን ከፈተች። ግን ችግኟን አየቻት።

"አትነሳም" አለች። "ገና ሥር ልትሰድ ነው። ባጃጇን ማንጎው ሥር አቁማት።"

"ክረምት ሲገባ ጭቃ ቢይዛትስ?"

"እገፋልሃለሁ።"

ይህን ብላ የበሩን መቀርቀሪያ አነሳች፤ በስተቀኝ ያለውን የጠጠር ቦታ በጀርባዋ ከልላ፣ ባቢከር ሞተሩን ሲያስነሳ ባጃጇን በእጇ ምልክት ወደ ግራ፣ ወደ ማንጎው መራቻት።