የካርዱ ኪስ

ጓደኛዬ ራዶስቲን እጁ ወርቅ ነው፤ አፉ ግን ሁልጊዜ ከእጁ ይቀድማል። ፕሎቭዲቭ ከተማ ባለው ጋራዡ ውስጥ የድሮ የቤት ኮምፒውተሮችን እንጠግናለን። ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤታችን አክስት ዛፊርካ አንድ ያረጀ ፍሎፒ ዲስክ በመሀረብ ጠቅልለው መጡ።

«እኔና ወንድሜ ሉቤን በወጣትነታችን የሠራነው የኮምፒውተር ጨዋታ ነው» አሉ። «ነገ ሉቤን ስልሳ ዓመት ይሞላዋል፤ ለልደቱ ከቫርና ከተማ ይመጣል። ሌላ ቅጂ የለኝም።»

የዲስኩ ሽፋን መላጥ ጀምሯል። አንዴ ቢነበብ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተስፋ የለውም።

«አይጨነቁ አክስቴ» አለ ራዶስቲን ደረቱን ነፍቶ። «የኔ ካርድ የተሠራው ለዚህ ነው!»

እውነቱን ነው። የድሮዎቹ የዲስክ መቆጣጠሪያ ካርዶች ትንሽ ትንሽ እያነበቡ ዲስኩን ደጋግመው ይፈትጉታል። እሱ የሠራው ግን፣ ለአክስት ዛፊርካም እንዳስረዳቸው፣ ያነበበውን ሁሉ በራሱ ትውስታ፣ «ኪሱ» በምንለው፣ ይይዛል፤ ዳግመኛ ሲጠየቅ ዲስኩን ሳይነካ ከኪሱ አውጥቶ ይሰጣል። ጻፍ ሲሉትም መጀመሪያ ኪሱ ይከትና «ጽፌያለሁ» ይላል፤ ዲስኩ ላይ የሚያሰፍረው ሲመቸው ነው።

አሮጌው ዲስክ ክርርር እያለ ተነበበ። ስናወጣው ማንበቢያው ውስጥ ቡናማ ብናኝ ቀረ፤ በቃ፣ ከእንግዲህ አይነበብም። አዲስ ዲስክ አስገብተን «ቅዳ» አልነው። ወዲያው «ተጠናቀቀ» አለ። ለማረጋገጥ ከአዲሱ ዲስክ መልሰን አስነበብነው፤ አንድም ስህተት የለም። ራዶስቲን የፍራፍሬ አረቄያችንን ራኪያ በብርጭቆ ቀዳ፤ እኔም ማሽኑን ላጠፋ እጄን ሰደድኩ።

«ቆይ!» አሉ አክስት ዛፊርካ። «ለምንድን ነው ያልጮኸው?»

«ምኑ?»

«አዲሱ ዲስክ። አሮጌው ጋራዡን ሲያንጫጫው ነበር። ይሄ ትንፍሽ አላለም እኮ።»

የራዶስቲን ፊት አመድ መሰለ። ዲስኩን መዞ አወጣው። ጠርዙ ላይ ያለችው፣ መጻፍ የምትፈቅደው ትንሽ ቁርጥ በቴፕ ተሸፍናለች። እኛ ጋ ዲስክ እጃችን እንደገባ ማንም በስህተት እንዳይጽፍበት ቁርጧን እንለጥፋለን፤ የተለጠፈ ዲስክ አይጻፍበትም። ልማድ ሆኖብን ባዶውንም ለጥፈነዋል! ስናረጋግጥ ካርዱ ያነበበልንም ከዲስኩ ሳይሆን ከኪሱ ኖሯል።

«ታዲያ መጻፍ አልቻልኩም አይልም?» ጮህኩበት።

«ስህተት መናገር ገና አላስተማርኩትማ!»

«አንተንስ ማን አስተማረህ!»

ጨዋታው ያለው በዚያች ካርድ ውስጥ ብቻ ነው፤ ኪሱ ደግሞ መብራት ሲቋረጥ ይራገፋል፤ መብራት ጭልጭል ካለ አለቀ። እጄን ከማጥፊያው ሰበሰብኩ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ራዶስቲን በጥፍሩ ቴፑን ላጠ፣ ዲስኩን መለሰ፣ እንደገና «ጻፍ» አለው።

ክርርር! ያን የመሰለ ጣፋጭ ድምፅ ከየት ይገኛል?

«አሁን አጥፉት» አሉ አክስት ዛፊርካ።

«እንዴ አክስቴ! አሁን ተጽፏል እኮ!»

«ኪሱ ባዶ ሲሆን ነው የማምነው።»

አጠፋነው። መልሰን አበራነው። ዲስኩ ለረጅም ጊዜ ተንጫጫ። ከዚያ በጥቁሩ ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደላት ብቅ አሉ፦ «ሉቤን ነኝ። የተሸነፈ ሳህን ያጥባል።»

አክስት ዛፊርካ ሳቁ፤ እየሳቁም ዓይናቸውን በዚያው መሀረብ ጠረጉ።

«ያኔ ሁልጊዜ የማጥበው እኔ ነበርኩ» አሉ። «ለነገ ሃያ እንግዳ ጠርቻለሁ። በሉ ልጆች፣ ወንበር ስጡኝ፤ ልለማመድ።»