ዋስ ጥራ

ሽታሁን ሞጣ መናኸሪያ አጠገብ ካለችው ሱቁ ሆኖ የሚመራው የቴሌግራም ጨረታ መነሻ ዋጋው ማር ነው። ይህ ነው የሚባል መሶብ ከሁለት መቶ ብር ይነሳል፤ ያየ ሁሉ ይጎመጃል። አሸናፊው ሲታወቅ ግን ጭራው ይመጣል፤ ማጓጓዣ ሦስት መቶ ሃምሳ፣ ማሸጊያ ሁለት መቶ፣ ዋስትና ሁለት መቶ ሃምሳ። ሰው ሁሉ እያየው ተጫርቶ ካሸነፈ በኋላ «ተውኩት» ማለት ያሳፍራል። ስለዚህ ገዢው ይከፍላል።

ስርጉት ቢቸና ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። ደመወዟ ወሩን አያደርሳትም፤ ከሥራ መልስ መሶብ ትሰፋለች፣ በሽታሁን ጨረታም ትሸጣለች። አሁን ለሰርጉ ወር የደረሱ አራት መሶቦች ቤቷ ተደርድረዋል። ከዚያ ጨረታ ሌላ ገበያ የላትም።

ባለፈው ሳምንት ከደሴ ተመድባ ሞጣ የምትሠራ ነርስ፣ ሲስተር እስከዳር፣ አምስተኛውን መሶብ አሸነፈች። ስርጉት በጭድ ጠቅጥቃ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ሰፍታ፣ ለአውቶቡሱ ረዳት ለባየ መቶ ብር ከፍላ ላከችው። ባየም ጣሪያ ላይ ጫነው። ደብረ ወርቅ ሲደርሱ ሦስት ኩንታል ድንች ተጫነበትና የመሶቡ ክዳን ሞጣ የገባው ሰፌድ ሆኖ ነው።

እስከዳር ዋስትናዋን ጠየቀች። ሽታሁን «ጣሪያ ላይ የተጫነ ዕቃ አይመለከተውም» አላት። በዚያ መንገድ ዕቃ ከጣሪያ ሌላ የት ይጫናል? በሹፌሩ ጭን ላይ?

ልጅቱ ለስርጉት ደወለች። አልጮኸችም፤ «ዋስትና ብዬ ከፍዬ ነበርኮ» ብቻ አለች። ስርጉት አንገቷን ደፋች። ከዚያ ዋስትና መቶ ሃያ አምስቱ ብር «ያንቺ ድርሻ» ተብሎ ደርሷታል፤ ምን ዋስትና ነው ብላ ሳትጠይቅ ለስፌቷ አለላ ገዝታበታለች። ለሽታሁን ብትደውል «ምን አስጨነቀሽ? ዝም አይነቅዝም። አንቺምኮ በልተሻል» አላት። እውነት መሆኑ ነው ያንገበገባት።

ዝም ማለት ትችል ነበር። ስንቶቻችን ዝም ብለን እንጀራችንን በልተናል! እሷ ግን ከአራቱ መሶቦች የአንዱን ክዳን አነሳች። ልካቸው አንድ ነው። መሶቡን ራቁቱን አስቀርታ፣ ቅዳሜ ጠዋት ክዳኑን ታቅፋ የባየ አውቶቡስ ላይ ወጣች።

«እታለም፣ እሱን ከላይ ላድርግልሽ?» አላት ባየ።

«ንካውና ታያለህ!»

ባየ ድንቹ ትዝ አለውና ፊቱን አዞረ።

እስከዳር በስልክ በተቀጣጠሩት መሠረት የተበላሸውን መሶብ ይዛ ከሱቁ በር ቆማ ነበር። ስርጉት ሰላም አለቻትና ቀጥ ብላ ገባች። ሱቁ በገበያተኛ ሞልቷል።

«ሽታሁን!» አለች። «ዋስ ጥራ!»

ገበያተኛው ዞሮ አየ። በዚያ አገር ዋስ ማለት ስምና ደጅ ያለው ሰው ነው። ሲጠራ በሰው ፊት ቆሞ «ነኝ» ይላል፤ ነገሩ ቢበላሽ እሱ ይከፍላል።

ሽታሁን ሳቀ። «ይሄ እኮ ኦንላይን ነው፣ እህቴ። ሲስተሙ ነው የሚያስከፍለው።»

«ሲስተም ዋስ አይሆንም! ሲስተም ደጅ የለው፣ ሲስተም አይታሰር። ከዚህች ልጅ የዋስትና ብር ተቀብለሃል፤ ዋሷ ማን ነው? የሰው ስም ጥራ!»

ሽታሁን ወደ ሌላ ገበያተኛ ዞረ።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም ከርመሃል። እኔም አብሬህ ለቅሜያለሁ፤ ይኸው ድርሻዬ» ብላ መቶ ሃያ አምስት ብር ባንኮኒው ላይ ዘረገፈች። «ያንተን ጨምረህ ለባለገንዘቧ መልስ።»

«አንድ ቃል ብትጨምሪ ከጨረታው አስወጣሻለሁ።»

አራቱ መሶቦች በስርጉት ዓይን ላይ ሄዱ። ፈርታለች፤ ንዴቷ ግን ከፍርሃቷ ይበልጥ ነበር።

«ጨመርኩ» አለች።

ሽታሁን ስልኩን ሁለት ጊዜ ነካ አደረገ። «በቃ፣ ወጥተሻል። እስቲ አሁን ማን ይገዛሻል?»

ስርጉት ወደ እስከዳር ዞረች። «ሲስተር፣ ከሌላው መሶቤ አንስቼ ያመጣሁልሽ ክዳን ይኸው፤ ሳንቲም አልቀበልም። ከእንግዲህ ከእኔ ለሚገዛ ሁሉ ማጓጓዣው የአውቶቡሱ መቶ ብር ነው፤ ጭድ አላስከፍልም። ዋሱ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ስርጉት፣ ደጄ ቢቸና ጊዮርጊስ።»

«አንቺንስ እዚህ ማን ያውቅሻል?» አለ ሽታሁን፣ ገበያተኛውን በዓይኑ እየጠቀሰ። «በይ እንግዲህ፣ የዋስ ዋስ ጥሪ!»

ስርጉት ዙሪያዋን አየች። ሞጣ ውስጥ ዘመድ የላትም።

«ነኝ።»

ባየ ነበር። አውቶቡሱን ትቶ ተከትሏት መጥቶ ከበሩ ቆሟል። «ባየ እባላለሁ፣ በዚህ መንገድ በየቀኑ ታገኙኛላችሁ። ድንቹንም የጫንኩት እኔ ነኝ።»

እስከዳር ክዳኑን መሶቡ ላይ አስቀመጠችው። ገጠመ።

«ያ ክዳን የሌለው መሶብ» አለች፣ ሽታሁንን ሳታይ፣ «ስንት ነው ዋጋው?»