ሰውነቱ ሳይቀዘቅዝ

ጣቢታ ባሏ ሲወድቅ አላየችም። ሲሚንቶና አሸዋ እያቦካች ሳለ የሰማችው ድምፁን ብቻ ነው፤ ሙሉ ከረጢት መሬት ላይ እንደሚጣል ያለ። ዞር ስትል ኤልቃና ቆሞ ይለስንበት ከነበረው የባሕር ዛፍ መወጣጫ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። የተሰበረው እንጨት አጠገቡ ነው።

ሮጣ ስትደርስ ዓይኖቹ ተከፍተዋል። ቀኝ እግሩን አጥፎ ወደ ራሱ ሰበሰበው። ይህን በደንብ አይታለች።

እነሱ አገር የወደቀ ሰው ሰውነቱ ሳይቀዘቅዝ ይነሣል፤ ተኝቶ ከቆየ ወገቡ እንደያዘው ይቀራል ይባላል። ጣቢታም ይህንኑ እየሰማች ነው ያደገችው። አብሯቸው የሚያመልከው ዱባለ ከላይ እየወረደ፣ "አንሺው! በኢየሱስ ስም አንሺው፣ ሳይቀዘቅዝ!" ብሎ ጮኸ። እስኪደርስላት አልጠበቀችም። ከኋላው ገብታ በብብቱ ያዘችውና ባላት ጉልበት ቀና አድርጋ አስቀመጠችው።

ኤልቃና አንዴ ብቻ ጮኸ። የታጠፈው እግሩ ቀስ ብሎ ተዘረጋ። ከዚያ በኋላ አልታጠፈም።

"ዲሲ! ተይው፣ አትንኩት!" እያለ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀለ የመጣው ፎርማኑ ኦቦ ቢቂላ ነው። በጣውላ አስተኝተው አይሱዙ ላይ ጫኑት። ከቡራዩ አዲስ አበባ እስኪደርሱ ጣቢታ ዓይኗን ከእግሩ አልነቀለችም። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር እግሩ ይነቃነቃል። "ተንቀሳቀሰ!" ልትል ትነሣና መንገዱ መሆኑ ይገባታል።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የወይንሐረግ የምትባል ነርስ ቅጽ ይዛ መጣች።

"ዕድሜ?"

"ሃያ ዘጠኝ" አለ ኤልቃና ራሱ።

"ሥራ?"

"ልስን።"

"ከስንተኛ ፎቅ ነው የወደቅከው?"

"ከሁለተኛ። ደረጃው ገና ስላልተሠራ በአቋራጭ ወረድኩ።"

ነርሷ ፈገግ አለች። ጣቢታ አልቻለችም።

"እንደወደቀ እግሩን ያንቀሳቅስ ነበር?" ጥያቄው ለእሷ ነበር።

አላየሁም ማለት ይቻላል። በሩ ጋ የቆመው ዱባለ፣ ተይ እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። ኤልቃና ጣራ ጣራውን ያያል። ያውቅ ይሆን? ካላወቀስ፣ ከማን አፍ ይስማው?

"እህቴ፣ ማንንም ለመክሰስ አይደለም" አለች ነርሷ። "ወዲያው ነው እግሩ እምቢ ያለው ወይስ ቆይቶ? ሐኪሙ ይህን ማወቅ አለበት።"

"ያንቀሳቅስ ነበር።" ድምፇ የሌላ ሰው መሰላት። "ቀኙን አጥፎት ነበር። እኔ ነኝ... በብብቱ ይዤ አስቀመጥኩት። ከዚያ ተዘረጋ።"

የወይንሐረግ ጻፈች። ከወረቀቱ ቀና ሳትል ባልደረባዋን ተጣራች፤ "ዶክተሩን ጥሪልኝ፣ አሁኑኑ።"

ኤልቃና እጁን ሰዶ የጣቢታን ቀሚስ ጨበጠ።

"አንቺ ነበርሽ እንዴ? እኔ ዱባለ መስሎኝ።"

ቀሚሷን ግን አልለቀቀም።

ነርሷ አንሶላውን ገለጠችና ቀጭን መርፌ አነሣች። "ሲወጋህ 'አዎ' ትለኛለህ።"

"እሺ ሲስተር። ሲጀምሩ ይንገሩኝ።"

ጣቢታ የመርፌውን ጫፍ አየች። እየወጋ ጉልበቱን አልፎ ወደ ቁርጭምጭሚቱ እየወረደ ነበር።